ሸክላው ምን ይላል?

ባለፈው እትማችን ላይ አንድ ወዳጃችን ምናለሽ ተራ ስላገኘው ሸክላ ሦስት ገጽ ሙሉ ጽፎ አስነብቦናል። ጽሑፉ ጥሩ ነው። ብዙዎቻችን ምግብ ቤት ተሰልፈን ሳለን አንብበን ጨርሰነዋል፤ ካንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲዞርም የማባዣው ቀለም ጣታችን ላይ ቀርቷል። ወዳጃችን ከተበላሸ ራዲያተር፣ እጀታው ከወለቀ መጥበሻና ከሞተ ስልክ ክምር ሥር እጁን አስገብቶ እንዴት እንደ ዳበሰ፣ ጣቱ የሸክላውን ጠርዝ ሲነካ ልቡ እንዴት እንደ ደነገጠ፣ ነጋዴው እንዳይነቃበት ፊቱን አኮሳትሮ መጀመሪያ አንድ የማይረባ ማንቆርቆሪያ ዋጋ እንዴት እንደ ጠየቀ ይተርካል። ከዚያ ክርክሩ አለ። ከዚያ በመሐረብ መጥረጉ አለ። ከዚያ ፎቶግራፉን ባሕር ማዶ ላለ አንድ ሰብሳቢ ልኮ የመጣለት መልስ አለ፤ መልሱ ውስጥ የነበረው የዶላር ቁጥርም ሳይዘለል ተጽፏል።

ሦስት ገጽ። ዘፈኑ ምን እንደሚል ግን አንድ መስመር የለም።

ይህን ሂስ የምንጽፈው ወዳጃችንን ለማሳጣት አይደለም። አብረን የምንበላ፣ ደብተር የምንዋዋስ ሰዎች ነን። ነገር ግን ይህች መጽሔት የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ነች። በሥነ ጽሑፍ መጽሔት ላይ ስለ አንድ የአማርኛ ዘፈን ይህን ያህል ተጽፎ ግጥሙ ካልተነሣ አንድ የተበላሸ ነገር አለ ማለት ነው። ጥፋቱ የሱ ብቻ ቢሆን በቃል እንነግረው ነበር፤ የሁላችንም ሆኖ ስላገኘነው ነው ወረቀት የምንጨርሰው። (ከዚህ በታች የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የሸክላው ዓለም የሚቆጥረው በዚያ ነውና።)

መጀመሪያ ሸክላው እዚያ ክምር ውስጥ እንዴት እንደሚገባ እንይ። ጠዋት ጠዋት «ቆራሌው!» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረውን ሰው የማያውቅ የለም። ሰው ቤት ሲለቅ፣ አባት ሲሞትና ልጆች ዕቃ ሲካፈሉ፣ ማንም የማይፈልገው ነገር ለሱ ይወጣል። እሱ ደግሞ ይዞት መርካቶ ይወርዳል፤ እዚያ ብረቱ ለብቻ፣ ጠርሙሱ ለብቻ፣ ጫማው ለብቻ ይለያል። ሸክላ ዱሮ ተራ አልነበረውም፤ ከባዶ ቆርቆሮና ከተሰበረ መስታወት ጋር የሚጣል ነገር ነበር። ዛሬ ግን ነጋዴዎቹ ነቅተዋል። ባለፈው ወር ሄደን አንዱን «ሸክላ ይኖርሃል?» ብንለው፣ ዋጋ ሳይጠራ በፊት «ለፈረንጅ ነው ለራሳችሁ?» ብሎ ጠየቀን። «ለራሳችን» አልነው። ከእግር እስከ ራሳችን አየንና «ማጫወቻ አላችሁ?» አለ። እንዳለን ስንነግረው ሳቀ። ዋጋው ሁለት እንደ ሆነ የገባን ያኔ ነው፤ አንዱ ለሚሸጠው ሰው፣ ሌላው ለሚያዳምጠው። የሚያዳምጠው ርካሹን ይከፍላል፤ ግን ዕቃው አይወጣለትም።

ወዳጃችን «ብርቅዬ» የምትለውን ቃል አሥራ አንድ ጊዜ ተጠቅሞባታል። ቆጥረናል። ሸክላው ለምን ብርቅ እንደ ሆነ ግን አልጠየቀም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1948 በወጣ የንጉሠ ነገሥት ድንጋጌ ሸክላ የማሳተምና ከውጭ የማስመጣት መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት አለፈ፤ ክቡር ዘበኛውም፣ ፖሊሱም፣ ጦር ሠራዊቱም ኦርኬስትራ አቋቁመው፣ ድምፃዊው ሁሉ ከዚያ ወጥቶ፣ በራዲዮ የተሰማው ዘፈን ግን ገዝቶ ቤት የሚወስደው አልነበረም። በ1969 አምኃ እሸቴ የሚባል ሙዚቃ ቤት የነበረው ወጣት፣ የመጣው ይምጣ ብሎ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ሕንድ አገር አሳትሞ አስመጣ። አልታሰረም። ከሱ በኋላ ፊሊፕስ ገባ፤ ታንጎ ሙዚቃ ቤት የነበረው ዓሊ አብደላ ካይፋም በራሱ ስም ማሳተም ጀመረ። ከዚያ 1974 መጣ፤ ከአብዮቱ ጋር ሰዓት እላፊው፣ ከሰዓት እላፊው ጋር የምሽት ቤቶች መዳከም፣ ከዚያም ርካሹ ካሴት። አምኃ ተሰደደ። በ1978 ገደማ የሸክላ ኅትመት አበቃ።

አሥር ዓመት እንኳ አልሞላም። አምኃ ብቻውን 103 ትንንሽ ባለ 45 ዙር ሸክላዎችና 12 ሎንግ ፕሌዮች አሳትሟል። የሁሉም አሳታሚ ተደምሮ ወደ 500 ትንንሽና ወደ 30 ሎንግ ፕሌይ ቢሆን ነው። «ወርቃማው ዘመን» የምንለው ነገር፣ በአርእስት ቁጥር ከሄድን፣ ከመኝታ ቤታችን ባንዱ ግድግዳ ላይ በሚቆም መደርደሪያ ያልቃል ማለት ነው። ብርቅነቱ ከዚህ ነው የመጣው፤ ከጥቂት ኅትመት፣ ከስደት፣ ቤት ከመፍረስና ከመልቀቅ። በዘፈኑ ላይ የተሰጠ ፍርድ የለበትም።

እንዲያውም ነገሩን ገልብጠን ብናየው ደስ ይለናል። ሰብሳቢዎች ለሸክላ ማርክ ይሰጣሉ፤ ጭረት የሌለው፣ ፖስታው ያልተቀደደ፣ መሐል ያለው ወረቀት ያልደበዘዘ ከሆነ ከፍተኛውን ያገኛል። እስቲ እናስብ። ባንድ ቤት ውስጥ ለሃምሳ ዓመት ያልተጫረ ሸክላ ምን ዓይነት ሸክላ ነው? ማንም ያላዳመጠው ሸክላ ነው። ተወዶ በየሠርጉ፣ በየክርስትናው፣ በየቡና ቤቱ ሲጫወት የኖረው ዛሬ እንደ ምጣድ ይንጫጫል፤ መርፌው ሲነካው ዝናብ የሚዘንብ ይመስላል። አንዳንዱ ደግሞ ብርቅ የሆነው ያኔም የሚገዛው ስላጣ ነው። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ካዳመጥናቸው መካከል በጣም ውድ የተባሉ ሁለት ሸክላዎች ነበሩ፤ አንደኛው አሰልቺ ነው። ዘፋኙ ከባንዱ ኋላ ቀርቷል፤ ግጥሙም በሌላ ዘፈን የሰማነው ነው። ውድነቱ አላዳነውም።

አሁን ወደ ፈረንጆቹ እንምጣ፤ ወዳጃችን ያለ እነሱ ምስክርነት አንድ አንቀጽ አልጻፈምና። በፈረንጅ ሰብሳቢ ላይ መዝመት ቀላል ነው፤ እኛ አንዘምትም። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባለው ፈረንሳዊ ባይኖር ኖሮ ከዚህ ሙዚቃ ብዙው ዛሬ ጆሯችን አይደርስም ነበር። የማሕሙድ አሕመድን «እረ መላ መላ» በ1986 ክራመድ ዲስክስ በሚባል የቤልጂግ አሳታሚ በኩል ለአውሮፓ ያሰማ እሱ ነው፤ ከ1998 ጀምሮም «ኢትዮፒክስ» የሚባለውን ተከታታይ በፓሪሱ ቡዳ ሙዚክ ማውጣት ቀጠለ። ቅጾቹ ከሠላሳ አያንሱም። የአባቶቻችንን ሙዚቃ ከፓሪስ ተመልሶ ሲመጣልን መስማታችን የሚያሳፍር ከሆነ፣ ኃፍረቱ የላኪው አይደለም።

ይሁን እንጂ ከነዚህ ቅጾች መካከል በዓለም ዙሪያ ከሁሉ ይልቅ የተሰማው የትኛው ነው ብሎ መጠየቅ የሂስ ሥራ ነው። አራተኛው ነው፤ የሙላቱ አስታጥቄ፣ ግጥም የሌለው፣ በመሣሪያ ብቻ የተሠራ። የጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልም በ2005 ያሰማው ይህን ነው። በ2010 ናስና ዴሚየን ማርሊ ቆርጠው ዘፈናቸው ላይ የሰፉትም ከዚሁ ቅጽ «የግሌ ትዝታ»ን ነው። ጥላሁን ገሠሠን ለብቻው ለማግኘት እስከ 17ኛው ቅጽ መሄድ ያስፈልጋል። የቅጽ ቁጥር የማዕረግ ቁጥር አይደለም፤ ሙላቱም ትልቅ ሰው ነው፤ ቫይብራፎኑን አምባሰልና ትዝታ ያናገረ ሰው ነው። የምንለው ሌላ ነው። ቋንቋውን የማይሰማ ሰው የሚሰማውን ይሰበስባል። ሳክስፎኑን ይሰማል፣ ኦርጋኑን ይሰማል፣ ከበሮውን ይሰማል። ድምፃዊው ለሱ አንድ ተጨማሪ መሣሪያ ነው። ይህ ጥፋት አይደለም፤ እኛም የሕንድ ፊልም ዘፈን ስንሰማ እንዲሁ ነን። ጥፋት የሚሆነው አማርኛ አፉን የፈታበት ተማሪ በዚያው ጆሮ መስማት ሲጀምር ነው። ወዳጃችን «ግሩቭ» የምትለውን ቃል አምስት ጊዜ ጽፏል። «ግጥም» የምትለውን አንድም ጊዜ አልጻፈም። የሳክስፎን ተጫዋቾቹን ስም በትክክል ያውቃል፤ ይህ የሚያስመሰግነው ነው። ግን ስለ ሸዋልዑል መንግሥቱ፣ ስለ አየለ ማሞ፣ ስለ ተስፋዬ ለማ አንድ ቃል የለውም። እነዚህ ለዘፋኞቹ የሚዘፈን ነገር የሰጡ ሰዎች ናቸው።

«መሣሪያ ብቻ» የሚባለውም ቢሆን ቃል የለሽ አይደለም። ጌታቸው መኩሪያን እንውሰድ። ሳክስፎኑን ይዞ ሽለላና ፉከራውን በመሣሪያው አወጣው፤ 14ኛው ቅጽ የሱ ነው። ውጭ ያሉ አድማጮች ሲሰሙት የአሜሪካን ፍሪ ጃዝ ትዝ ይላቸዋል፤ ጩኸቱ፣ መቆራረጡ፣ ከሥርዓት መውጣቱ። አያቱ ሠርግ ቤት ጎራዴ መዝዞ ሲፎክር ያየ ልጅ ግን ያ ጩኸት የት ላይ እንደሚያቋርጥ ያውቃል፤ ፎካሪው «ዘራፍ» ብሎ የሚተነፍስበት ቦታ ነው። ከሳክስፎኑ አፍ ቃሉ ተነቅሏል፤ ቦታው ግን አለ። ከኛ በቀር ያን ባዶ ቦታ የሚሞላ አድማጭ ከየት ይመጣል?

ነገሩ ከጀመረበት ስንነሣማ የበለጠ ይገርማል። ዳግማዊ ምኒልክ ተሰማ እሸቴን ስለ አውቶሞቢል ይማር ብለው ጀርመን አገር ላኩት። ያ ሰው በ1908 ገደማ እዚያው ድምፁን ሸክላ ላይ አስቀርጾ ተመለሰ። የኢትዮጵያ ሙዚቃ በንግድ ሸክላ ላይ ታሪኩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። (በነገራችን ላይ የእግር ኳሱ ይድነቃቸው ተሰማ አባት ናቸው፤ ይህን ስንነግራቸው ያላመኑን ጓደኞች አሉን።) ነጋድራስ ተሰማ የታወቁት በምንድነው? በግጥም ነው፤ በሰምና ወርቅ፣ ሰው ሳያስበው በሚወረውሩት ቅኔ። እንግዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በንግድ ሸክላ ላይ የተቀረጸው የኛ ድምፅ የባለ ቅኔ ድምፅ ነበር። ሸክላ ለኛ ሲጀመር መጽሐፍ ነበር ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

ከመጽሐፍም የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ይህን ነጥብ ሰከን ብለን እንየው፤ የዚህ ጽሑፍ ምክንያቱ እሱ ነውና። ፊደላችን ብዙ ነገር ይችላል፤ አንድ ነገር ግን አይችልም። የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አይጽፍም። «ገና» ብለን ስንጽፍ ላልቶ «ጊዜው አልደረሰም» ሊሆን ይችላል፤ ጠብቆ በዓሉ ሊሆን ይችላል። «ዋና» ላልቶ ውኃ ውስጥ ነው፤ ጠብቆ አለቃ ነው። «አለ» ላልቶ ተናገረ ነው፤ ጠብቆ ይኖራል ነው። በንግግር ይህ አያስቸግርም። ቅኔ ግን የሚኖረው እዚያች ስንጥቅ ውስጥ ነው፤ ገጣሚው ሆን ብሎ ሁለቱም የሚያስኬድ ቃል ይመርጣል፤ ዘፋኙም አንዱን መርጦ ያጠብቃል ወይም ያላላል፣ ወይም መሐል ቤት ያንሳፍፈዋል። ግጥሙ በወረቀት ሲታተም ይህ ሁሉ ይጠፋል። ሸክላው ግን ይዞታል። ዘፋኙ በዚያ ቀን፣ በዚያ ስቱዲዮ፣ ቃሉን እንዴት እንዳለው እዚያ ጥቁር ቦይ ውስጥ ተቀምጧል። ታዲያ ይህን የያዘ ዕቃ በእጁ ገብቶ «ፖስታው አልተቀደደም» ብሎ የሚጽፍ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ምን ይባላል?

ሸክላ ግጥሙን እንዳለ ይይዛል ማለታችን ደግሞ አይደለም። ይቆርጠዋል። ባለ 45ቱ ባንድ ገጹ ሦስት አራት ደቂቃ ነው የሚይዘው። አዝማሪ ጠጅ ቤት ውስጥ እንግዳው እስኪሄድ ድረስ ይገጥም ነበር፤ ስቱዲዮ ሲገባ ሰዓት ታየበት። ረዣዥም ትዝታዎች ለሁለት ተከፍለው ግማሹ ፊት፣ ግማሹ ጀርባ ላይ ሆኑ። መሐሉ ላይ ሰው ተነሥቶ፣ መርፌውን አንሥቶ፣ ሸክላውን ገልብጦ እስኪቀመጥ ድረስ ትዝታው ይቆያል። ያቺ ዝምታ አሁን በኮምፒዩተር ስንሰማው የለችም፤ ተያይዞ ይሄዳል። ለእኛ ግን የግጥሙ አካል ሆና ነው የምትሰማን፤ የሚጠብቅ ሰው የሚነሣባትና የሚቀመጥባት ዓይነት ነች። በዚያ ላይ ገጣሚው ከአሥር ቤት ሦስቱን መምረጥ ነበረበት። የቀሩት ሰባቱ የት ሄዱ? ወደዚህ እንመለሳለን።

ቆፋሪን ሁሉ አንድ ላይ እንዳንወቅጥ አንድ ታሪክ እናንሣ። ኃይሉ መርጊያ የዋልያስ ባንድ የኪቦርድ ተጫዋች ነበር፤ በ1977 የወጣው «ቼ በለው» የነሱ ሥራ ነው። ባንዱ በ1981 አሜሪካ ሄዶ እሱ እዚያው ቀረ። ብቻውን በ1985 አንድ ካሴት ሠራ፤ ከዚያ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ነዳ። ብራያን ሺምኮቪትስ የሚባል አሜሪካዊ ያንን ካሴት ባሕር ዳር ላይ ከአሮጌ ካሴቶች መካከል አገኘው። ያገኘውን ፎቶ አንሥቶ ዋጋ አልጠየቀም። ሰውየውን ፈልጎ ስልክ ደወለ፤ በ2013 ካሴቱ በሸክላ እንደ ገና ወጣ፤ ኃይሉም ተሳፋሪ ሲጠብቅ ከመኪናው ኮፈን አውጥቶ የሚለማመድበትን ኪቦርድ ይዞ ወደ መድረክ ተመለሰ። ቁፋሮ ይህ ነው። ወዳጃችን ከቆፈረበት ክምር ሥር ሰው ስለመኖሩ አላሰበም፤ ዕቃ አገኘ፤ ባለቤቱን፣ ዘፋኙን፣ ገጣሚውን አልፈለገም።

እዚህ ላይ ብናቆም ደስ ባለን። ሂስ ያለ ግለ ሂስ ግን ስድብ ነው ብለን እኛው ራሳችን በዚሁ መጽሔት ስለጻፍን፣ የራሳችንን እናውጣው።

ከመካከላችን የአንዱ አክስት ጎረቤት የሆኑ፣ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ እናት ነበሩ። እማማ እያልን ነው የምንጠራቸው። በ2024 ፒያሳ አካባቢ ቤቶች ሲነሡ የሳቸውም ተነሥቶ ኮንዶሚኒየም ገቡ። ዕቃ ሲጭኑ ልንረዳ ሄደን አንድ ካርቶን ሸክላ አገኘን፤ ሠላሳ አንድ ፍሬ። ማጫወቻው ከተበላሸ ቆይቷል። «ለምን ይጠቅመኛል፣ ውሰዱት» አሉ። እኛ ደግሞ በነፃ አንወስድም ብለን፣ ጨዋ ነንና፣ አዋጥተን አንድ ሺሕ አምስት መቶ ብር ሰጠናቸው። መረቁን። እንዲያውም ሲመርቁን እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እንደ ነበር አንረሳውም።

ማታ መኝታ ክፍላችን ገብተን አንድ በአንድ አየናቸው። አንደኛውን ሸክላ ኢንተርኔት ላይ ስንፈልገው የተጻፈበት ዋጋ ከሰጠናቸው ገንዘብ ሃያ እጥፍ ይበልጥ ነበር። ምን አደረግን? ጮኸን። ተቃቀፍን። ከዚያ አንዱ «ለማንም እንዳትናገሩ» አለ፤ ማንም አልተቃወመውም። ሸክላውን ያን ማታ አላዳመጥነውም። እንዳይጫር።

ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። ባለፈው እትም የወዳጃችን ጽሑፍ ሲወጣ ነው ራሳችንን መስታወት ውስጥ ያየነው፤ እሱን ለመንቀፍ ተሰብስበን ተቀመጥንና ማናችንም አፍ አጣን። በመጨረሻ አንዱ ተነሥቶ መርፌውን ሸክላው ላይ አሳረፈው።

ዘፈኑ ቀላል ነው። የሄደ ሰው አለ፤ የምትጠብቅ ሴት አለች። ሦስት ቤት ብቻ ነው። በመጨረሻው ቤት ላይ «እሱ አለ» የምትል ማሳረጊያ አለች፤ ልክ እዚያ ላይ ሸክላው ተጭሯል። መርፌው ይዘላል። ግማሾቻችን ይጠብቃል አልን፤ ሰውየው በሕይወት አለ፣ መጠበቋ ከንቱ አይደለም። ግማሾቻችን ይላላል አልን፤ እመጣለሁ ያለው እሱ ነው፣ ቃሉን የበላው እሱ ነው። ዘፈኑ በሙሉ በዚያች አንዲት ድምፅ ላይ ይገለበጣል። ሃያ ጊዜ ደጋገምነው። ጭረቱ አላሳልፍ አለን።

በነጋታው ካርቶኑንና የተዋስነውን ማጫወቻ ተሸክመን እማማ ዘንድ ሄድን። አራተኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰር የለም። በር ላይ ቆመን የሸክላውን ዋጋ ነገርናቸው፤ ልናስቀምጠው እንዳመጣነውም ነገርናቸው። ዝም ብለው አዩንና «እናንተ ልጆች ቁርስ በልታችኋል?» አሉ። ገባን። ማጫወቻውን ስንሰካ መብራት የለም። ስለዚህ ቡና ተፈላ።

መብራት እስኪመጣ «ያቺ ዘፈን እንዴት ነበረች?» አልናቸው። ሲኒ እያጠቡ አወረዱት። ሦስት ቤት አልነበረም፤ ዘጠኝ ቤት ቆጠርን። ሸክላው ላይ የሌሉትን ስድስቱን ከየት አመጧቸው ብንል፣ ዘፋኙ ምሽት ቤት ሲዘፍናቸው ራሳቸው ሰምተው፣ ገሚሱንም ጓደኞቻቸው ነግረዋቸው ነው። ገጣሚውንም ያውቁታል፤ አስተማሪ ነበር አሉ። ጻፍን። ስሞቹን እዚህ ያላወጣነው ሸክላው የሳቸው ስለሆነ ነው። ስሙ ከታተመ ነገ ደረጃውን የሚወጣው ማን እንደ ሆነ እናውቃለን። ሲፈቅዱልን ዘጠኙንም ቤት ከነባለቤቱ ስም እናትማለን፤ ይህን ለአንባቢ ቃል እንገባለን።

ቶናው ሲቀዳ መብራት መጣ። መርፌውን አሳረፍነው። እማማ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ሦስተኛው ቤት ላይ ሁላችንም ወደ ማጫወቻው ጎንበስ አልን፤ መርፌው እንደ ልማዱ ዘለለ።

እማማ ሳቁ። «እሷን ጭረት ያበጀኋት እኔ ነኝ» አሉ። መርፌውን እያነሡ እዚያችው ቦታ ላይ እየመለሱ፣ እየመለሱ ሲሰሙ፣ እጃቸው ስቶ ነው።

«ታዲያ ይጠብቃል ወይስ ይላላል እማማ?»

«ሸክላው ላይ ያላላዋል። ምሽት ቤት ሲዘፍነው ግን አንዳንድ ቀን ያጠብቀዋል፤ ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ተነሥቶ ያጨበጭባል።» ጀበናውን አነሡ፤ መልሰው አስቀመጡት። «እኔ ወንድሜ በዚያ ዘመን ወጥቶ ከቀረ ወዲህ አጥብቄ ነው የምለው።»

ማንም አልተናገረም። ሸክላው አልቆ መርፌው መጨረሻው ቦይ ላይ እየተንኳኳ ነበር።

«በሉ ገልብጡት» አሉ እማማ፣ በረካውን እየቀዱ። «የጀርባውም ሸጋ ነው።»